የእናቴ ቤት፣ የልጄ ጥያቄና የቅቤው ቅል

ግንባሬ ላይ ስለበቀለው እብጠት አስተያየት የሌለው የሰፈሬ የሲቀላ ሰው የለም። ጎረቤቴ፣ ሚስትህ ናት አለኝ፤ የራሱን ቤት እያሰበ ይመስለኛል። አንድ ባጃጅ ነጂ ደግሞ ከቦርዴ ቤት እየተንገዳገድኩ ስወጣ በዓይኑ እንዳየኝ ምሎ አወራ፤ ቦርዴ ከተውኩ ስንት ጊዜዬ። እኔም ማስረዳቱ ሲሰለቸኝ፣ ልጄ ናት የመታችኝ ማለት ጀመርኩ። ያን ጊዜ ሰዉ ይደነግጣል። ልጄን አስቴርን ያውቃታላ። ዝንብ ብታርፍባት ይቅርታ ጠይቃ የምታባርር ልጅ ናት። በምን መታችህ ይሉኛል። በጥያቄ እላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ የሚታዘንልኝ ለግንባሬ ውጭ ሳይሆን ለውስጡ ነው።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልጻፍላችሁ። ሰው ሲያወራኝ ያቋርጠኛል፤ ወረቀት አያቋርጥም።

እኔ ሸማኔ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት ከላይ ከተራራው፣ ዶርዜ ነው፤ ሥራዬና ቤቴ አሁን ታች አርባ ምንጭ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ትልቋን ልጄን ከዳርኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት፣ ጉልበቴ ከስሩ አልገባ ባለ የሕፃናት ዴስክ ላይ ተጣጥፌ ነው። ሰው በልጅነቱ መማር ያለበት ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ልጅ አይደነግጥም። እሳት ያቃጥላል ብትሉት እሺ፣ ምድር ድቡልቡል ናት ብትሉትም እሺ ነው። እኔ ግን ያነበብኩት ሁሉ ያስደነግጠኛል። ከሳል መድኃኒቴ ጋር የመጣውን ወረቀት አንብቤ የጨረስኩ ቀን ሳሉን መረጥኩ። አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ሳነብ ደግሞ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ስንት የተከለከለ በር ሰተት ብዬ ስገባ እንደኖርኩ አስቤ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

ማንበብ የምለማመደው አስቴር በጨረሰቻቸው መጻሕፍት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ የሳይንስ መጽሐፏን በጣቴ እየተከተልኩ ሳነብ፣ ምድር በራሷ ዛቢያ ላይ ትሽከረከራለች የሚል ቦታ ደረስኩ። ጣቴ እዚያው ቀረ። መለስ ብዬ አነበብኩት፤ ያው ነው። ተነስቼ ደጅ ወጣሁ። መንገዱ ቦታው ላይ አለ። የማንጎ ዛፉም አለ። ጫሞ ሐይቅም ከሩቅ አንድ ጠብታ ሳይፈስበት ተኝቷል። ተመልሼ ገባሁና ባለቤቴን ዘነበችን፣ ምድር እንደምትዞር ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። አዎ፣ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ተምሬዋለሁ አለች።

እኔ ከዚህች ሴት ጋር ልጆች ወልጄ፣ ልጅ ድሬ፣ ስንት ክረምት አብሬ ከርሜ፣ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ አላለችም። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩ።

«ብነግርህ ምን ልታደርግ? ልትይዛት?» አለችኝና ሽንኩርቷን ቀጠለች።

የአስቴር ጥያቄ ግን የጀመረው ከምድር አይደለም፤ ከሽመና ጉድጓዴ ነው። እግሬን ጉድጓዱ ውስጥ ሰድጄ ለሠርግ የታዘዘ ጋቢ ስሠራ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በዓይኗ ትከተላለች። አይጥ የምትጠብቅ ድመት ትመስላለች። ቆይታ ቆይታ፣ አባዬ፣ መወርወሪያው ከእጅህ ከወጣ በኋላ ማን ነው የሚገፋው አለችኝ። እኔ ነኛ አልኩ። አንተማ ለቀኸዋል አለች።

እጄን አየሁ። እውነቷን ነው፤ ለቅቄዋለሁ። ታዲያ ድሩ መሐል ሲደርስ ለምን አይቆምም? ዕድሜዬን ሙሉ ስወረውረው የኖርኩት ዕንጨት በገዛ እጄ ውስጥ እንግዳ ሆነብኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መወርወር አቃተኝ። ስወረውረው መንገድ ይቀራል፤ ጨምሬ ስወረውረው በወዲያ በኩል አልፎ ሄዶ ዶሮዋን መታ። ጥለቱ ተንጋደደ። የጋቢው ባለቤቶች መጥተው አገላብጠው አዩትና ይሄ ምን ዓይነት ዲዛይን ነው አሉ። አዲስ የወጣ ነው አልኳቸው። በኋላ እንደሰማሁት ሌላ ሸማኔ ጋ ሄደው እንደዚያኛው አድርገህ ሥራልን ብለውታል፤ አልቻለበትም አሉ።

ይቺ አንዲት ጥያቄ ናት። ቀጥሎ የመጣው ኮከብ ነው። አንዳንዱ ኮከብ በጣም ሩቅ ከመሆኑ የተነሳ ብርሃኑ እኛ ጋ እስኪደርስ ኮከቡ ራሱ ሞቶ ሊሆን ይችላል ብላ ነገረችኝ። እራት እየበላሁ ነበር፤ ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። እኔ የደነገጥኩት ሳይበቃት፣ ታዲያ ብርሃኑ መርዶው አልደረሰውም ማለት ነው ብላ ጠየቀችኝ። ይህን ለሸማኔ ይጠይቁታል? ልቅሶ ቤት ደርሼ የተመለስኩ ያህል ሆኜ ተኛሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ወላጅ አምጪ ተብያለሁ ብላ መጣች። ወላጅ አምጪ ሲባል እኔ የማውቀው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ሰርቃለች ወይ ሆዷ ገፍቷል። መንገዱን ሙሉ ለሁለቱም የሚሆን ቁጣ ሳዘጋጅ ሄድኩ። የፊዚክስ አስተማሪዋ ከሰሜን የመጣ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አማርኛው እንደ ሬዲዮ የሚንቆረቆር ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝና በጣም አዝኖ፣ ልጅዎ ትጠይቃለች አለኝ። እኔም ቀጣዩን ጠበቅኩ። ቀጣይ የለም። ያ ነበር ጥፋቱ። ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

ክፍለ ጊዜውን ትጨርስብኛለች፣ የምትጠይቀው ደግሞ በፈተና አይመጣም አለኝ። አንድ ቀን፣ ምድር የምትዞር ከሆነ ወደ ላይ ዘልዬ ስመለስ ለምን እዚያው ቦታ አርፋለሁ ብላው ክፍሉ ሁሉ ወንበር እየለቀቀ ሲዘል ዋለ፤ ርዕሰ መምህሩ መጥቶ የሚዘል አስተማሪና ተማሪ አገኘ። አስተማሪውም ሲዘል ነበር ማለት ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ቀላ። እኔ ምን አገባኝ፤ የተማረ ሰው ፊት ወንበር ላይ ስቀመጥ ከስምምነት ሌላ ነገር አይወጣኝም። አፏን እኔ እዘጋዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ጨብጦኝ ሸኘኝ።

አሁን ወደ ቤቱ እንሂድ። የዶርዜን ቤት ላላያችሁ፣ ከቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ተጠልፎ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ መግቢያው እንደ አፍንጫ ወደ ፊት ወጣ ይላል፤ በሩቅ ሲያዩት የዝሆን ራስ ነው የሚመስለው። ሲሠራ ረጅም ነው። ምስጥ ከስሩ በበላው ቁጥር የተበላው እየተቆረጠ ያጥራል፤ እንደ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ይጎብጣል ማለት ነው። ምስጡ አላስቀምጥ ሲል ደግሞ ሰው ተጠርቶ፣ ዕንጨት ከውስጥና ከውጭ ታስሮበት፣ ቤቱ እንዳለ ይነሳና ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሌላው አገር ዕቃውን ከቤት አውጥቶ ይሄዳል፤ እኛ ቤቱን ራሱን ይዘን እንሄዳለን።

የእናቴ ቤት ጊዜው ደርሶ ነበር። የሚያውቁት ሰዎች ዙሪያውን እየነካኩ አይተው፣ አንድ ጊዜ መነሳት ይችላል፣ ሁለተኛ አይችልም አሉ። መንገድ ላይ ከተቀመጠ የተቆረጠው ጫፍ አፈር ይነክሳል፤ በላዩ ዝናብ ከመጣ ሰምጦ ይቀራል፤ እንደገና ሲነሳ ይተረተራል። ከተተረተረ ሌላ አይሠራላትም። ወደ እኔ መውረድ ነው። እናቴ ደግሞ አርባ ምንጭ ወርዳ ቆርቆሮ ስር ከምትተኛ ምስጦቹ ከቤቱ አልፈው እሷንም ቢጨርሷት እንደምትመርጥ፣ ለቄሱም ለእኔም በግልጽ ተናግራለች። ቆርቆሮ ስር የሚተኛ ሰው ይበስላል ነው የምትለው። አልተሳሳተችም፤ እኔ ከበሰልኩ ቆይቻለሁ።

እንግዲህ ጉዳዩ ይህን ያህል ነው፤ ቤቱ ሳይቆም መድረስ አለበት። ስለዚህ በሚኒባስ ስንወጣ አስቴርን አስማልኳት። ቤቱ አዲሱ ቦታ ላይ እስኪያርፍ አንዲት ጥያቄ ከአፍሽ እንዳትወጣ አልኳት። ካረፈ በኋላስ አለች። ይሄው ጠየቅሽ አልኳት። ጠመዝማዛውን መንገድ ሙሉ ከንፈሯን ነክሳ፣ አንዴ ቀይ ሆኖ የሚታየውን አባያ ሐይቅ፣ አንዴ ሰማያዊውን ጫሞ እያየች ወጣች። ጆሮዬ ሲደፈን የእሷም እንደተደፈነ አውቃለሁ፤ ለምን እንደሚደፈን ለመጠየቅ ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። አላዘንኩላትም።

ጠዋት ሰዉ ተሰበሰበ። እኔ ከውስጥ ከሚሸከሙት ጋር፣ ከፊት በኩል ገባሁ። ከውስጥ የሚሸከም ሰው የሚያየው የራሱን እግርና የፊቱን ሰው ጀርባ ብቻ ነው፤ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። የሚያውቀው ከውጭ ሆኖ የሚመራው ነው፤ እሱም ታናሽ ወንድሜ ዘውዴ ነበር። ደንቡ እንዲህ ነው፤ መሪው እያዜመ ይጣራል፣ ተሸካሚው ሆ እያለ ይመልሳል፣ እግር በዜማው ይሄዳል። ዜማው ከተቋረጠ ፊት ለፊት ገደል አለ ማለት ነው፤ ሁሉም እዚያው ቁጭ ያደርገዋል።

እናቴን ውጪ አልናት። አልወጣም አለች። ይህ ቤት ሲሠራ እኔ ውስጡ ነበርኩ፣ ሲሄድም ውስጡ ነኝ አለች። የቅቤ ቅሏን እንኳ አላወርድ አለች፤ ከጣሪያው በጠፍር ተንጠልጥሎ፣ ሌሊቱን ከምድጃው በላይ አድሮ ቅቤው ለስልሶ፣ እንዳለ ነው የተነሳው። ስለዚህ ቤቱ ሲነሳ እናቴ መሐል ሆና፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዱላዋን ይዛ ከቤቷ ጋር አብራ መራመድ ጀመረች። እኛ ላባችን እየተንጠፈጠፈ እንሸከማለን፣ እሷ ደግሞ በገዛ ቤቷ ውስጥ እየተንሸራሸረች፣ አንተ ጎንበስ በል፣ አንተ ግድግዳዬን አትደገፍ ትላለች። ከላይዋ ቅሉ ጸጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። በቀርከሃው ቀዳዳ የብርሃን ክር ወለሉ ላይ ይሮጣል። እንዲህ ያለ ነገር ያላየ ሰው ምንም አላየም።

ጥሩ ሄድን። አካሄዳችን አምሮ እናቴ ራሷ ዝም አለች። ከዚያ በጎኑ በኩል፣ ከውጭ፣ የአስቴርን ድምፅ ሰማሁ። ለዘውዴ ነበር የምትነግረው፤ ቀስ ብላ፣ ሐኪም ቤት እንደምትንሾካሾክ።

«አጎቴ፣ ቤቱን አንስተን ዝም ብለን ብንቆምስ? መሬት የምትዞር ከሆነ አዲሱ ቦታ ራሱ ከስራችን አይመጣም?»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። እናቴን፣ ያቺን ልጅ ዝም በይ በያት ለማለት ወደ ኋላ ዞርኩ። የዘውዴ ዜማ ደግሞ እዚያው መሐሉ ላይ ተቆረጠ። ገደል አልነበረም። እያሰበ ነው። ያ ሰው በሕይወቱ አስቦ አያውቅም፤ ለማሰብ የመረጠው ጊዜ ግን ያ ሆነ። ዜማው ሲቆም እግሩ ሁሉ ቆመ፤ ቤቱ ዱብ ብሎ ተቀመጠ። እኛ ቆምን፤ ቅሉ ግን አልቆመም። ከእናቴ ራስ በላይ ተወርውሮ መጥቶ፣ እኔ ዞሬ በጠበቅኩት በትክክለኛው ቦታ፣ ግንባሬ ላይ አረፈ። ክዳኑ ተፈናጠረ። ለስልሶ ያደረው ቅቤ በሙሉ አናቴ ላይ ፈሰሰ።

እየተደናበርኩ በሩን አገኘሁና ወጣሁ። ስወጣ ዓይኔ በቅቤ ስለተጋረደ መጀመሪያ ያየሁት ጭጋግ ነው። ቀጥሎ ያየሁት ሽማግሌዎችን ነው። የአገሩ ሽማግሌዎች ተደርድረው ተቀምጠው፣ በትር ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል። ክው አልኩ። የቆምነው ዱቡሻው ላይ ነበር።

ዱቡሻ የአገር ጉዳይ የሚነገርበት ሜዳ ነው። ሰው ይቀመጥበታል፣ ይታረቅበታል፤ ቤት አይቆምበትም። ተሸክሞ በዳሩ ማለፍ ይቻላል፤ ማስቀመጥ ግን ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት አገሩ ላይ ክፉ ያመጣል የሚባል ነውር ነው። ዱቡሻው ላይ ያረፈ ነገር ደግሞ ሽማግሌዎቹ ሳይፈቱት አይነሳም። ያም አልበቃ። በእኛ አገር አናቱ ላይ ቅቤ የሚደረግለት ሰው ሀላቃ ሆኖ የሚሾም ነው፤ የአገሩን ደንብ የሚጠብቀው ሹም ማለት ነው። ሀላቃው እፊቴ ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ ያልተጠራሁ፣ ከቤት ጋር መጥቼ፣ አናቴ ላይ ከእሱ የበለጠ ቅቤ ይዤ ቆሜያለሁ።

ሀላቃው ከቅቤዬ እስከ እግሬ አየኝ።

«አንተን ማን ሾመህ?» አለኝ።

ልጄ ልል ነበር፤ ተውኩት። ከውስጥ የእናቴ ድምፅ፣ ቅቤዬ የት ሄደ ይላል። ከጨንቻ ከተማ በኩል ደመናው እንደ ጥቁር በግ መንጋ እየወረደ ነው። እኔ የማስበው ስለ ሹመቱ አይደለም፤ ስለ ተቆረጠው ጫፍ ነው። አፈሩን ነክሷል። ዝናቡ ከደረሰ አለቀ።

ሀላቃው ዘውዴን ጠራና ለምን አቆምክ አለው። ዘውዴም ያለ ምንም እፍረት፣ ልጅቷ ስለጠየቀችኝ ነው አለና ጥያቄዋን እንዳለ ደገመው። ይስቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢስቁ ይቅር ተባብለን እንነሳ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ መሬቱን ያያሉ። አንዱ እንዲያውም እግሩን ሰብሰብ አደረገ። ከዚያ ማርቆስ የሚባል፣ ከተሸካሚዎቹ ሁሉ ትከሻው የሰፋው ሰው፣ ላቡን እየጠረገ ወጣና፣ ይህ ነገር እውነት ከሆነ እኔ ወገቤን የምቆርጠው ለምንድን ነው፣ መልሱን ሳልሰማ ሁለተኛ ዕንጨቱን አልነካም አለ። ሌሎቹም እውነቱን ነው አሉ። አገር እኮ ነው የሚናገረው። ቤት ተሸክሞ የቆመ ሰው ሥራ ማቆም እንደሚችል እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ሀላቃው ወደ እኔ ዞረ። አንተ ፊደል ተምረሃል፣ ምድር ትዞራለች የሚባለው እውነት ነው ወይ አለኝ።

እዚህ ላይ ልትረዱኝ ይገባል። ውሸት ነው፣ የልጅ ቅዠት ነው ብል ሁሉም ሆ ብሎ ቤቱን ያነሳ ነበር። እናቴ ትድን ነበር። ለአስተማሪው የገባሁትም ቃል ይፈጸም ነበር። አስቴርን አየኋት። ከንፈሯን ነክሳ ቆማለች፤ ግን አላለቀሰችም። ዓይኗ የሚያየው እኔን ነው፤ እንደ መወርወሪያው እየተከተለችኝ። ቅቤው ጆሮዬ ውስጥ ይገባል።

«መጽሐፉ ላይ አለ» አልኩ። «አንብቤዋለሁ። አላመንኩትም እንጂ አንብቤዋለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው በስመ አብ አለ። ታዲያ ከመሬት ከተነሳን ለምን ጥላን አትሄድም አለኝ ሀላቃው። እሱን አላውቅም አልኩ። አስተማሪዋም አያውቅም፣ የጠራኝ ለዚህ ነው አልኩ። ይህን ስናገር ራሴው ደነገጥኩ፤ ከአፌ እስኪወጣ ድረስ እንደዚያ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። የተተኮሰው ሸሚዝ ሸፍኖብኝ ነበር ማለት ነው።

ሀላቃው ዱላውን ወደ አስቴር ዘረጋና፣ ቤቱን ያቆመው ጥያቄሽ ነው፣ እንግዲህ መልስሽ ያንሳው አላት። የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ።

አስቴር ወደ እኔ መጣች። ግንባሬን በጣቷ ነካችው፤ አመመኝ።

«አባዬ፣ ቅሉ ለምን መታህ?»

ሌላ ጥያቄ። አገር ቆሞ፣ ዝናብ መጥቶ፣ ሌላ ጥያቄ። ስለቆምን ነዋ አልኳት። ስንሄድስ ይወዛወዝ ነበር ወይ አለች። እኔ ሳልመልስ እናቴ ከውስጥ፣ ስትሄዱማ ጨዋ ሆኖ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ስትቆሙ ነው ያበደው አለች። የአስቴር ፊት ላይ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ፤ እውነት እላችኋለሁ፣ ደንግጬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞራ እንደ ደንቡ ተንበረከከች።

«ቅሉን ማንም አልተሸከመውም፤ ግን አብሮን ይሄድ ነበር። እኛ ስንቆም እሱ አልሰማም፤ መንገዱን ቀጠለ። የአባዬ መወርወሪያም እንደዚያው ነው፤ ከተለቀቀ በኋላ ማንም አይገፋውም። እኛም ምድር ላይ እንደ ቅሉ ነን። እሷ ስትሄድ ቤቱም፣ ሰውም፣ ደመናውም አብሯት ይሄዳል። ከመሬት ብናነሳውም መሄዱን አይተውም። ስለዚህ ቆመን ብንጠብቅ አዲሱ ቦታ አይመጣም። ተሸክመን መሄድ አለብን።»

ማርቆስ ጭንቅላቱን አከከና፣ እሺ፣ ምድር ድንገት ብትቆምስ አለ።

ሁሉም ግንባሬን አዩ።

ሀላቃው ከሁሉ ቀድሞ ተነሳ። እርጥብ ሳር በጠሰና አፈሩን፣ ቤቱን፣ የአስቴርን ራስ እየነካ መረቀ፤ ጎሜው ይፈታ፣ ምድር አትቁም አለ። አትቁም የሚለውን ሽማግሌዎቹ ሁሉ በትልቅ ድምፅ ተቀበሉት፤ እኔ እንደዚያ ከልብ የወጣ አሜን ሰምቼ አላውቅም። አንተ ግን ራስህን ታጠብ አለኝ እኔን።

መታጠቢያ ጊዜ የት አለ። ሁላችንም ዘለን ገባን። ሲነሳ ከስሩ ጠሽ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ልቤ አብሮ ጠሽ አለ። እናቴ ዱላዋን ግድግዳው ላይ ጫን አድርጋ ያዘች፤ በአንድ ዱላ ቤቱን ይዛ የምታቆመው ይመስል። ቤቱም ጸና። ዘውዴ እንደ እብድ ያዜማል፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ ሆ እንላለን፣ ባዶው ቅል ከላያችን ጸጥ ብሎ አብሮን ይሄዳል። ዓይኔን ከእሱ ላይ አላነሳሁም። አዲሱ ቦታ ስንደርስ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሙ እያልኩ የጮህኩት እኔ ነኝ።

ቤቱ አረፈ። አልተተረተረም። በአንድ ጎን ትንሽ ተሰንጥቋል፣ የሚጠገን ነው። ተቃቅፈን ስናበቃ በበሩ ወደ መንገዱ ልንወጣ ሄድን። በሩ አለ፤ ከፊቱ መንገድ የለም። ዝናቡ ሲያጣድፈን ዘውዴ አዙሮናል፤ አፍንጫው መንገዱን ትቶ ከኋላ ካለው የእንሰት ተክል ጋር ተፋጧል። በእንሰቱ መሐል ጭቃ እየረገጥን ዞረን አይተን ተመልሰን ገባን። እናቴ ምድጃዋን ለማንደድ እየሞከረች ነበር። ሰዉ ደክሟል፤ ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ቀን እናዞረዋለን አልኳት፣ ግን አፌ ላይ እያለ እንደገና መነሳት እንደማይችል አስታወስኩ። ይቅር በይኝ ብዬ ተንበረከክኩ።

እናቴ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

«ተዉት» አለች። «ትዞራለች አላላችሁም? በሩ ሲደርስ ይደርሳል።»

አስቴር አፏን ከፈተች። በሩም ከምድር ጋር አብሮ እንደሚዞር ልትነግራት እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ገባኝ፤ ከሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እጄን አንስቼ ነበር። ከዚያ አወረድኩትና፣ ንገሪያት አልኳት። ነገረቻት። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳምጣ፣ እሱን የምታውቀው ምድር ናት አለች።

አስተማሪው ሰሞኑን እንደገና አስጠርቶኝ ነበር። ግንባሬን ሲያይ ደነገጠና ምን ሆነው ነው አለኝ። እርስዎ ያልመለሱት ጥያቄ ነው የመታኝ አልኩት፣ አስቴር ትንገርዎት። አሁን በእሱ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ገመድና ቅል ይዘው ይገባሉ ይባላል። ግንባራቸውን ይጠብቁ።

እኔ ዶርዜ በወጣሁ ቁጥር በእንሰቱ ዞሬ ነው የምገባው። ጭቃው ጫማዬን ያወልቀኛል፣ እሳደባለሁ። ልጄ በደንብ አስረድታኛለች፣ ገብቶኛል፣ በሩ ንቅንቅ አይልም። ግን መጀመሪያ ከመንገዱ በኩል ቆሜ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ትንሽ ዞሮ እንደሆነ አያለሁ።